ቀዩን አትልቀሙ

እንደምን አመሻችሁ! ምግቡ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ፣ ቃሌ ነው።

የማወራችሁ ረግረግ ላይ ስለሚበቅለው የዱር ፍሬ፣ ስለ ዩርትሮን ነው። እዚህ ሰሜን ስዊድን፣ ኡሜኦ ከተማ ስንት ዓመት ኖረናል፤ ረግረግ ገብቶ ዩርትሮን የለቀመ እስቲ እጁን ያውጣ። እንደፈራሁት ነው!

እኔም የገባሁት እዚህ መኖር በጀመርኩ በስምንተኛው ዓመቴ ነው። ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ ሴትዮ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሬን አንኳኩና «ቦቲ አለህ?» አሉኝ። ከመኪና ወርደን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ቦታውን ለማንም እንዳልናገር ግን አስቀድመው አስማሉኝ። ለልጃቸው ባል እንኳ አላሳዩትም!

ረግረጉ እግር ይውጣል፣ ትንኙ ፋታ አይሰጥም። እኔ ቀይ ቀዩን ሳይ ጊዜ ደስ ብሎኝ አንድ ኩባያ ሞላሁ። ሴትዮዋ አዩና በሳቅ ፈረሱ። ለካ ዩርትሮን ቀይ ሲሆን ጥሬ ነው፤ ሲበስል ነው የማር መልክ የሚያወጣው፣ ያኔ ይለሰልስና ገና ጣት ሲያርፍበት ይለቃል። ኖርዌይ ውስጥማ ጥሬውን መልቀም በሕግ የተከለከለበት ጊዜ ነበር።

ችግሩ አንዱ ዘንግ የሚይዘው አንድ ፍሬ ብቻ መሆኑ ነው። ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ስለሚበቅሉ ወንዴው ጭራሽ አያፈራም፣ ሰኔ ላይ ውርጭ አበባውን ከመታው ደግሞ የዓመቱ ነገር አለቀለት። የአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ማርማላታ ዋጋ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው።

ዘመዱን ግን ታውቁታላችሁ። የአገራችን እንጆሪ ነው፤ የሱፐርማርኬቱን ማለቴ አይደለም፣ ያንን እሾሃሙን የደጋ እንጆሪ። ዩርትሮንም እንደሱ የዶቃ ክምር ይመስላል። ጎምዘዝ ብሎ ማር ማር ይላል፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ጠጣር ዘር ጥርስ ውስጥ ይቀረቀራል። በተፈጥሮው ምግብ እንዳይበላሽ የሚከላከል ቤንዞይክ አሲድ ስላለው ድሮ ያለ ስኳር፣ በራሱ ጭማቂ ብቻ፣ ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ የበረዶውን ወራት ይከርም ነበር።

ስዊድኖች ማርማላታውን አሙቀው ቫኒላ አይስክሬም ላይ ያፈሱታል። ኖርዌዮች ለገና ከተመታ ክሬም ጋር ይለውሱታል። ፊንላንዶች ጥርስ ላይ ሲጥ ሲጥ ከሚል አይብ ጋር ይበሉታል፤ 2 ዩሮ ሳንቲማቸው ላይ ሳይቀር ቀርጸውታል።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንወጣለን። ቦቲ፣ ባልዲ፣ የትንኝ ቅባት ያዙ። የሴትዮዋን ቦታ ግን አላሳያችሁም፣ ምያለሁ። የራሳችንን እንፈልጋለን።