ሊኑክስ፣ ዳታቤዝ እና ጳጉሜን 6

ዮናታን፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ዛሬ ዙሪያ ጥምጥም ሳንሄድ ወደ ጉዳያችን እንግባ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በፊት የተሠሩ ፕሮሰሰሮችን ከጥቂቶቹ በቀር አይቀበልም። ስለዚህ ስክሪኑ ያልተሰነጠቀ፣ ኪቦርዱ ያልላላ፣ ባትሪው ገና የሚይዝ ላፕቶፕ «ጊዜው አልፎበታል» ይባላል። አንድ ቤተሰብ ላፕቶፕ ለመግዛት ስንት ወር እንደሚቆጥብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ደም የሚያፈላ ነገር ነው። የሚጠግኑትን ሁሉ የምማጸነው እንዳትጥሉት፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ ጫኑበት ብዬ ነው።

ሳምራዊት፦ ቁጭትህ ገብቶኛል፤ እኔንም ያመኛል። ነገር ግን ሊኑክስ ከመጫንህ በፊት ባለቤቱን «ምን ትሠራበታለህ?» ብለህ ልትጠይቀው ይገባል። የሒሳብ ሠራተኛ ከሆነ ፒችትሪ ይልሃል። እዚህ አገር ስንትና ስንት ድርጅት መዝገቡን የያዘው በፒችትሪ ነው፤ እሱ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ደብዳቤ ጸሐፊ ከሆነ ደግሞ የቀድሞ ፋይሎቹ በምን ፎንት እንደተጻፉ ማየት አለብህ።

ዮናታን፦ የድሮዎቹን የአማርኛ ፎንቶች ማለትሽ ነው።

ሳምራዊት፦ እነሱን ነው። ዓመቶቹን ከዚህ በኋላ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጥራቸውና፣ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ፎንቶቹ የላቲን ፊደላትን ቦታ ይዘው በላያቸው ላይ የእኛን ፊደል ይስሉ ነበር። ለዓይን «ሰ» የሚመስለው ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ወይም አንድ ምልክት ነው። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ገጹ በሙሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ባለቤቱም «ሊኑክስ ፋይሌን አበላሸብኝ» ይላል። ፋይሉ ግን አልተበላሸም፤ ከመጀመሪያውም ውስጡ አማርኛ አልነበረም።

ዮናታን፦ በዚህ ሊኑክስ አይወቀስም። እንዲያውም ባለቤቱ ዛሬ አቢሲኒካ ኤስአይኤልንም ሆነ ኖቶን የመሳሰሉ የዩኒኮድ ፎንቶችን ያለ ክፍያ ያገኛል፤ ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱም ሊኑክስ ሚንትም ላይ አማርኛ ማንበብ ችግር አይደለም።

ሳምራዊት፦ ማንበቡስ ይሁን። ለአዲስ ሰው የሚያስቸግረው የዴስክቶፑ፣ ማለትም ሜኑውንና መስኮቶቹን የሚያሳየው ገጽታ፣ መብዛት ነው። ግኖም፣ ኬዲኢ፣ ሲናመን፣ ማቴ፣ ኤክስኤፍሲኢ። ከየትኛው ይጀምር?

ዮናታን፦ የበዙበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው አይማረርም። ኬዲኢ በ1996 ተጀመረ። የተሠራበት ኪዩት የተባለው መሣሪያ በወቅቱ ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ ነጻ ስላልነበረ በ1997 ግኖም ተነሣ። በ2011 ደግሞ ግኖም 3 ወጣና ሰው የለመደውን ሜኑና ከታች የሚደረደሩትን መስኮቶች አስወገደ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በአደባባይ ተቃውሞት ወደ ኤክስኤፍሲኢ ሄደ። ማቴና ሲናመን የተወለዱት ከዚያ ቅሬታ ነው። አሁን ከዊንዶውስ 8 ጋር አስተያዪው። በ2012 የስታርት ቁልፉ ሲነሣ ተጠቃሚው ኩባንያው ሐሳቡን እስኪለውጥ ከመጠበቅ በቀር ምን ምርጫ ነበረው? እዚህ ግን የቀድሞውን የሚወዱ ሰዎች ኮዱን ወስደው ሥራውን ቀጠሉ። ዛሬም አለ፣ ዛሬም ይታደሳል። ይህንን መብት በምንም አልለውጠውም።

ሳምራዊት፦ መብቱ ትልቅ ነው፤ አልክድም። የሚያስመርረኝ ግን ለውጡ ሲመጣ የእኛን ጽሑፍ ማንም ቀድሞ አለማሰቡ ነው። ዌይላንድን እንውሰድ።

ዮናታን፦ ለአድማጮቻችን፣ ዌይላንድ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው አዲሱ ሥርዓት ነው። የቀድሞው፣ ኤክስ 11 የሚባለው፣ ከ1987 ጀምሮ ያለ ነው። ዌይላንድ በ2008 ተጀመረ፤ ኡቡንቱ 25.10 ላይ ከግኖም ጋር የነበረው የኤክስ አማራጭ ተነሥቷል።

ሳምራዊት፦ አሁን አማርኛ ሲጻፍ የሚሆነውን ልብ ብለህ ተመልከት። በድምፅ በሚጻፈው ስልት የኤስ ቁልፍ ሲነካ «ስ» ይወጣል፤ የኢ ቁልፍ ሲከተለው ያው «ስ» ወደ «ሰ» ይለወጣል። የወጣው ፊደል ተመልሶ መሻሻል አለበት። እንግሊዝኛ ይህ አያስፈልገውም፤ የተነካው ፊደል ወጣ፣ አለቀ። ለእኛ ግን የመጻፊያው ፕሮግራምና መስኮቱ በእያንዳንዱ ቁልፍ መነጋገር አለባቸው። ዌይላንድ የንግግሩን ደንብ ለወጠው፤ የክሮም ብራውዘር መሠረት ከሆነው ከክሮሚየም የተወለዱ ብዙ ፕሮግራሞችም አዲሱን ደንብ ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ ሳይከተሉ ዓመታት አለፉ። ተጠቃሚው የሚያየው ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይሮ የላቲን ፊደል መውጣቱን ነው። ማስተካከያው ደግሞ ቻይንኛና ጃፓንኛ የሚጽፉት ሰዎች ተመሳሳይ ችግር ስላለባቸው በእነሱ ጩኸት የሚመጣ ነው። የእኛ ድምፅ እዚያ የለም።

ዮናታን፦ ይህ እውነት ነው፤ ያሳዝናልም። ለጊዜው ሊኑክስ ሚንትን ከሲናመን ጋር የምመርጠው በዚሁ ነው፤ ሲከፈት የሚሠራው በኤክስ ነው፣ አማርኛውም ሳያስቸግር ይጻፋል። ግን ድምፃችን እዚያ ሊሰማ ይገባል ብዬ አጥብቄ እናገራለሁ። አማርኛ ሲጻፍ የሚሳሳተውን ነገር ደረጃ በደረጃ ጽፎ ለሠሪዎቹ የሚልክ አንድ ተማሪ ለሁላችንም ይሠራል። ኮድ መጻፍ እንኳ አይጠበቅበትም።

ሳምራዊት፦ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሳይጠይቁ ጥቅል ስለሚበሉት እድሳቶችስ?

ዮናታን፦ እሱ አጭር ነው። በሞባይል ኢንተርኔት የምትጠቀሙ ሁሉ፣ ዊንዶውስም ይሁን ኡቡንቱ፣ ግንኙነቱ በመጠን የሚከፈልበት መሆኑን ለኮምፒውተሩ ንገሩት፤ ኡቡንቱ ላይ ስናፕ በተባለው መንገድ የተጫኑ ፕሮግራሞችን እድሳት ለብቻው ማቆየት ይቻላል። ሰው በብሩ የገዛውን ጥቅል ሳይጠይቁ መጨረስ ነውር ነው። አሁን ወደ አንቺ ቤት እንሂድ፤ ዳታቤዝ።

ሳምራዊት፦ እኔ ዴስክቶፑን ያህል የማይወራለት ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። ዴስክቶፕ ቢበላሽ ሌላ ይጫናል። የሰው ስም መዝገብ ውስጥ ሲጠፋ ግን ማንም አያይም። አንድ ክሊኒክ አስብ። ታካሚዋ ዓለምፀሐይ ናት። የመጀመሪያው ቀን መዝጋቢው በ«ዓ»፣ በ«ፀ» እና በ«ሐ» ጻፋት። በዓመቱ ሌላ መዝጋቢ በ«አ»፣ በ«ጸ» እና በ«ሀ» ይፈልጋታል። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር አለው። «አልተገኘም» ይላል። መዝጋቢውም አዲስ ካርድ ይከፍትላታል። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈው በቀድሞው ካርድ ላይ ነው።

ዮናታን፦ መፍትሔው ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲጽፍ ማዘዝ ነው?

ሳምራዊት፦ በፍጹም! የሰው ስም እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ይጻፍ። ኃይሉ በ«ኃ» እጽፋለሁ ካለ ማንም አይቀይርበትም። ዳታቤዙ ውስጥ ግን ሁለተኛ ዓምድ ይኑር፤ እዚያ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ወንድሞቻቸው ወደ አንድ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተመልሰው ይቀመጡ። ፍለጋው በዚያ ዓምድ ይሁን፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን ባለቤቱ ያጻፈው ነው። ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ ይህን ዓምድ ዳታቤዙ ራሱ እንዲሞላው ማድረግ ይቻላል፤ ከባድ ሥራ አይደለም። ያልተሠራው ቅጹ ከውጭ እንዳለ ስለሚመጣ ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታም አብሮ ይመጣል፤ እኛ ዘንድ ግን ያለው የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው።

ዮናታን፦ ቀኑም አለ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን እንዴት ይመዘገባል?

ሳምራዊት፦ የዳታቤዝ የቀን ዓምድ 12 ወር ብቻ ያውቃል፤ 13ኛ ወር ቢጽፉለት አልቀበልም ብሎ ይመልሳል። መዝጋቢው እጅ ሲያጥረው ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ያደርገዋል፤ የልጁ ልደት በመዝገብ ውሸት ሆነ ማለት ነው። አንዳንድ ሰሪ ደግሞ ዓምዱን ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል፤ ያኔ ዕድሜ ማስላትም በቅደም ተከተል መደርደርም አይቻልም። ትክክለኛው መንገድ ከታች በአውሮፓውያን ማስቀመጥ ነው፤ ያ ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ጳጉሜን 6 ተብሎ ይታይ፣ በጳጉሜን 6 ይጻፍ። ከዚያ ሌላ፣ ዓመቱን ብቻ ለሚያውቁ አዛውንት ቀኑን ባዶ የሚተው መዝገብ ያስፈልጋል። ውጭ አገር በሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ሰነድ ላይ ጃንዋሪ 1 የበዛው ቅጹ ባዶ ስለማይቀበል ነው። አላውቅም ማለት ያልተፈቀደለት ሰው የተሰጠውን ይዞ ይኖራል።

ዮናታን፦ ሌላው ዳታቤዝ፣ ማይ ኤስኪዩኤልስ? አሁንም ብዙ የአገራችን ድረ ገጽ የሚሠራው በእሱ ነው።

ሳምራዊት፦ ማይ ኤስኪዩኤል ላይ አንድ አሮጌ ወጥመድ አለ። በዩኒኮድ መጻፊያ ስልት ስም «ዩቲኤፍ 8» ብሎ የጠራው ዓምድ ለአንድ ፊደል ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም። የተለመዱት ፊደሎቻችን በሦስት ባይት ስለሚበቃቸው ማንም አላስተዋለም። በ2021 ዩኒኮድ 14 ላይ ለጉራጌ ቋንቋዎች ጽሕፈት የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ፤ የገቡበት ክፍል ለእያንዳንዱ አራት ባይት ይፈልጋል። አሮጌው ዓምድ እነዚህን ፊደላት አይቀበልም፤ ቁጥጥሩ በላላበት ሰርቨር ደግሞ ጽሑፉን ከዚያ ፊደል ጀምሮ ቆርጦ ይጥለዋል። አማርኛው ደህና፣ ጉራጊኛው የተቆረጠ! ከ2018ቱ እትም 8.0 ወዲህ አዲስ ሲፈጠር የሚመረጠው ባለ አራት ባይቱ ነው። የቀድሞዎቹን ግን ሰው መለወጥ አለበት፤ ዛሬውኑ ይለወጡ።

ዮናታን፦ ይህን አላውቅም ነበር። ፖስትግሬስን የምትመርጪው በዚህ ነው?

ሳምራዊት፦ ከማከብረው አንዱ ነው። ነገር ግን እሱም ከሊኑክስ ጋር ሆኖ አሳዝኖኛል። ፖስትግሬስ ቃላትን የሚደረድርበትን ቅደም ተከተል የሊኑክስ ፕሮግራሞች ከሚጋሩት የሲ ላይብረሪ ይወስዳል። ያ ላይብረሪ በ2018፣ እትም 2.28 ላይ፣ ቅደም ተከተሉን ለወጠ። ዳታቤዙ ቶሎ ለመፈለግ የሚጠቀምበት ማውጫ፣ ኢንዴክስ፣ ደግሞ አንዴ ተደርድሮ የተጻፈ ነው፤ የክፍል ስም መጥሪያ ተራው ሳይቀየር መምህሩ የፊደሉን ቅደም ተከተል ቢለውጥ እንደማለት ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ያሳደሰ ሰው ምንም የስሕተት መልእክት አላየም። የተመዘገበው ሰው ግን ሲፈለግ የለም፤ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የተከለከለውም ሁለት ጊዜ ገባ። ኢንዴክሶቹን እንደገና ከመሥራት ሌላ መድኃኒት አልነበረውም።

ዮናታን፦ አየሽ፣ እዚህ ላይ ሊኑክስን እከላከላለሁ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ምክንያቱ እስከ መስመሩ ድረስ ታወቀ። የተዘጋ ቢሆን ኖሮ «እንደገና አስነሡት» ተብለን እንቀር ነበር።

ሳምራዊት፦ እውነትህን ነው። አዳዲሶቹ የፖስትግሬስ እትሞች ለውጡን አይተው ያስጠነቅቃሉ፤ የ2024ቱ እትም 17 ደግሞ ከላይብረሪው ነጻ የሆነ የራሱን አደራደር ይዞ መጥቷል። የተማሩበት ስሕተት ነው፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

ዮናታን፦ እንግዲህ ወደ ተግባሩ። አነስተኛ ክሊኒክ ሊከፈት ነው፤ ሦስት ላፕቶፕ አለው። ምን ትጭኛለሽ?

ሳምራዊት፦ ለመዝገብ ቤቱ የአንተን ሊኑክስ ሚንት። መዝጋቢው አንድ ብቻ ከሆነ ኤስኪዩላይት የተባለው ቀላል ዳታቤዝ ይበቃዋል። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 የጀመረው ለአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ በሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ዛሬ በየስልካችን ውስጥ አለ። ሠሪዎቹ እስከ 2050 ድረስ እንደግፈዋለን ብለዋል። ሁሉም ነገር አንድ ፋይል ነው፤ መብራት እየጻፈ ሳለ ቢጠፋ ያላለቀውን ጽሑፍ ሰርዞ በደህና እንዲነሣ ተደርጎ ተሠርቷል። ቅጂ ሲወሰድ ግን ፋይሉን እየተጻፈበት ወደ ፍላሽ አይገልብጡት፤ ለቅጂ የተዘጋጀ የራሱ ትእዛዝ አለው፣ በእሱ ይሁን። መዝጋቢዎቹ ሁለት ሲሆኑ ወደ ፖስትግሬስ እሻገራለሁ። የሒሳብ ሠራተኛው በዊንዶውሱ ይቆይ።

ዮናታን፦ በዊንዶውስ 10? እድሳት በሌለው? ከታካሚ መረጃ አጠገብ?

ሳምራዊት፦ አጠገብ አይሆንም። ከኢንተርኔቱም ከክሊኒኩ ኔትወርክም ይነቀል። ፒችትሪ ለሥራው ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ዮናታን፦ ቫይረስ የሚዞረው በፍላሽ ነው እንጂ በኢንተርኔት ብቻ መች ሆነ? አንድ ቀን ሪፖርት በፍላሽ ይዞ ይመጣል።

ሳምራዊት፦ የእሱ ፍላሽ መዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አይሰካም። ሪፖርቱ በወረቀት ታትሞ ይምጣ።

ዮናታን፦ በዚህ ከሆነ እስማማለሁ፤ ግን ለአንድ ዓመት ብቻ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወይ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ኮምፒውተር ይግዙለት፣ ወይ ሒሳቡን ወደ ሌላ ፕሮግራም ያዛውሩ። ማተሙን ካነሣሽ ደግሞ የፕሪንተር ድራይቨር ጉዳይ ይከተላል፤ እሱ ሙሉ ዝግጅት ይፈልጋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይዘነው እንመጣለን።