የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ቱርክን ከአውሮፓ ደጃፍ ላይ ምን ያዛት?

ባለፈው ዝግጅታችን ቱርክ የአውሮፓ ኅብረት አባል ለመሆን ስለምታደርገው ረጅም ጉዞ አንስተን ነበር። ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ዛሬ ከሰብዓዊ መብትና ከሕግ የበላይነት ጋር የተያያዙትን ጥያቄዎች መርጠን ለሕግ ባለሙያው አቅርበናል። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ የደወሉ አባት፦ «ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምለው፣ ቱርክን የማያስገቧት ሙስሊም ስለሆነች አይደለም ወይ? ሰብዓዊ መብት የሚሉት ሰበብ አይመስልዎትም?»

መልስ፦ አባቴ፣ ጥርጣሬዎ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኒኮላ ሳርኮዚ ቱርክ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ቦታ የላትም ብለው በይፋ ይናገሩ ነበር። የጀርመን መራሒተ መንግሥት የነበሩት አንጌላ ሜርክልም ከሙሉ አባልነት ይልቅ «ልዩ አጋርነት» ይሻላል ባይ ነበሩ። ቱርክ ከኅብረቱ አባል ከቆጵሮስ ጋር ያላት ጠብም አለ። ሃይማኖት ብቻ ቢሆን ግን አልባኒያ በ2022 ድርድር ባልጀመረች ነበር። እዚያም ትልቁ የሃይማኖት ክፍል ሙስሊሙ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገርዎት። ቱርክ ያመለከተችው በ1987 ነው። እጩ የተባለችው በ1999፣ ድርድር የጀመረችው በ2005። ድርድሩ 35 ምዕራፎች አሉት። የተከፈቱት 16 ብቻ ናቸው። ተደራድረው የዘጉት አንድ፣ እሱም የሳይንስና የምርምር ምዕራፍ። በ2018 ኅብረቱ ራሱ ድርድሩ ቆሟል ብሎ አወጀ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ ዳኝነትና መሠረታዊ መብቶች የሚናገረው 23ኛው ምዕራፍ ጭራሽ ተከፍቶ አያውቅም። ቆጵሮስ አግዳዋለች። እናም አውሮፓ ስለ ቱርክ ፍርድ ቤቶች በየዓመቱ ሪፖርት ትጽፋለች፤ በጉዳዩ ላይ ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብላ የምትደራደርበትን ምዕራፍ ግን አልከፈተችም።

ተስፋው ትኩስ በነበረበት ጊዜ የነበረውን ለውጥ ደግሞ ያስተውሉ። ቱርክ በ2002 በሰላም ጊዜ የሚፈጸም የሞት ቅጣትን አስቀረች፤ በ2004 ሙሉ በሙሉ ሻረችው። የመንግሥት ደኅንነት ፍርድ ቤቶች የሚባሉት በ2004 ተዘጉ። ከ1994 ጀምራ የታሰረችው የኩርድ ፖለቲከኛ ሌይላ ዛና በዚያው ዓመት ተፈታች። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2001 ችሎቱ ፍትሐዊ አልነበረም ብሎ ወስኖላት ነበር። ስለዚህ በሩ ገርበብ ብሎ ሲታይ አንካራ የውጭ ፍርድ ትሰማ ነበር ማለት ነው።

ከአዳማ የደወለች አድማጭ፦ «የአውሮፓ ኅብረትና የአውሮፓ ምክር ቤት አንድ አይደሉም እንዴ? ተምታታብኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ጋዜጠኞችም ይምታታባቸዋል። ባንዲራቸው እንኳ አንድ ነው። አንድ ሰው የሁለት ዕድር አባል ሊሆን እንደሚችለው አድርገሽ እይው። የአውሮፓ ኅብረት 27 አባላት አሉት፤ ቱርክ የምትጠብቀው እሱን ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት የሚባለው ደግሞ 46 አባላት ያሉት ሌላ ድርጅት ነው። ቱርክ ከምሥረታው ዓመት ከ1949 ጀምሮ በእሱ ውስጥ አለች። በስትራስቡርግ ያለው የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት የዚህኛው ነው። ስለዚህ ፍርዱን ማክበር ወደፊት ለመግባት የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ዛሬም ያለባት ግዴታ ነው።

ከጎንደር የደወለ የሕግ ተማሪ፦ «መምህር፣ የቱርክ ሕገ መንግሥት ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሀገር ውስጥ ሕግ ይበልጣል ይላል ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ የስትራስቡርግን ፍርድ እንዴት እምቢ ይላሉ?»

መልስ፦ ጥሩ አንብበሃል። አንቀጽ 90 ነው። በ2004 ተሻሽሎ ስለ መሠረታዊ መብቶች የተፈረመ ስምምነት ከተራ ሕግ ጋር ሲጋጭ ስምምነቱ ይጸናል ተባለ። ወረቀቱ ከብዙ የኅብረቱ አባላት ወረቀት አያንስም። ችግሩ ያለው አፈጻጸም ላይ ነው።

የኦስማን ካቫላን ጉዳይ እንይ። ነጋዴ ነው፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ደጋፊ። በጥቅምት 2017 ታሰረ። ክሱ በ2013 በኢስታንቡል ከጌዚ መናፈሻ ተነሥቶ ሀገር ያዳረሰውን ተቃውሞ በገንዘብ ደግፈሃል፣ መንግሥት ልትገለብጥ ነበር የሚል ነው። በታኅሣሥ 2019 ስትራስቡርግ እስሩ ሕጋዊ አይደለም፣ እውነተኛ ዓላማውም ሰውየውን ዝም ማሰኘት ነው ብሎ ወሰነ፤ ባስቸኳይ ይፈታም አለ። ይህ «የተደበቀ ዓላማ» የሚለው ፍርድ ቤቱ የሚዳኝበት የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 18 ነው። ፍርድ ቤቱ ይህን አንቀጽ በቀላሉ አያነሳም።

በየካቲት 2020 የኢስታንቡል ችሎት ካቫላን በነጻ አሰናበተው። በዚያው ቀን ግን በሌላ ክስ እንደገና ያዙት። ቀጥሎ የስለላ ክስ ተጨመረበት። በየካቲት 2022 የአውሮፓ ምክር ቤት የሚኒስትሮች ኮሚቴ ቱርክ ፍርዱን አልፈጸመችም ብሎ ወደ ፍርድ ቤቱ መለሳት። በፍርድ ቤቱ ታሪክ እንዲህ ሲደረግ ሁለተኛው ነበር፤ የመጀመሪያው በአዘርባጃን ላይ ነው። ይህ ሁሉ በሚካሄድበት መሃል፣ በሚያዝያ 2022፣ ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በሐምሌ ስትራስቡርግ «አዎ፣ ቱርክ ግዴታዋን ጥሳለች» አለ። የሀገሪቱ ሰበር ፍርድ ቤት ግን ቅጣቱን በ2023 አጸናው።

ይህ የውጭ ፍርድ ስለሆነ ነው ትል ይሆናል። ቆይ። በዚያው መዝገብ 18 ዓመት የተፈረደበት ጠበቃ ጃን አታላይ አለ። በግንቦት 2023 እስር ቤት እያለ ከሃታይ ለፓርላማ ተመረጠ። የቱርክ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በጥቅምት መብቱ ተጥሷል ብሎ ወሰነ። የዚህ ፍርድ ቤት ውሳኔ የመጨረሻና ሁሉንም አካል የሚያስገድድ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 153 ላይ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። ሰበር ፍርድ ቤቱ ግን አልታዘዝም አለ። እሱም አልበቃ ብሎ በውሳኔው በተስማሙት የሕገ መንግሥት ዳኞች ላይ የወንጀል አቤቱታ አቀረበ! በጥር 2024 የአታላይ የፓርላማ ወንበር ተሰረዘ።

ዳኞቹ ለምን እንዲህ ይሆናሉ? ማን እንደሚሾማቸውና እንደሚያዛውራቸው ተመልከት። ከ2017ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሕዝበ ውሳኔ ወዲህ የዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ጉባኤ 13 አባላት አሉት። አራቱን ፕሬዚዳንቱ ይመርጣሉ። ሰባቱን ፓርላማው። የፍትሕ ሚኒስትሩና ምክትላቸው በሥልጣናቸው ይቀመጣሉ። ዳኞች ራሳቸው የሚመርጡት አንድም አባል የለም። አንድ ዳኛ ነገ ወደ የትኛው ጠረፍ እንደሚዛወር እያሰበ ነው መዝገብ የሚከፍተው። እኔ ከአስር የሕግ ማሻሻያ ይህ ጉባኤ ቢስተካከል እመርጣለሁ።

ከደሴ የደወሉ አድማጭ፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝና መንግሥታቸውን በታንክ ሊገለብጡ ሞክረው የለም እንዴ? ሕዝብ አልቆ ዝም ይበሉ ነው?»

መልስ፦ የለም፣ ዝም ይበሉ አላልኩም። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ሌሊት፣ በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ፣ ፓርላማው በአውሮፕላን ተደብድቧል። ከ250 በላይ ሰው ሞቷል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ መብታቸው ነው፤ የአውሮፓው ስምምነት ራሱ ይፈቅዳል። ጥያቄው የተደረገው ነገር ከአደጋው ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለው ነው።

ከሙከራው በማግሥቱ 2,745 ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ታገዱ። ያን ያህል ሰው በአንድ ቀን ተመርምሮ አያልቅም፤ ስም ዝርዝሩ ቀድሞ የተዘጋጀ መሆን አለበት። አዋጁ ሁለት ዓመት ቆየ። ከመቶ ሺህ በላይ የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራን፣ ፖሊሶች፣ ሐኪሞች ስማቸው በአዋጅ አባሪ ላይ እየወጣ ተባረሩ። ብዙዎቹ ፓስፖርታቸውም ተሰረዘ።

ባይሎክ የሚባል የስልክ መልእክት መላኪያ ነበር። መንግሥት ለሙከራው ተጠያቂ ያደረገው የሃይማኖት ሰባኪው የፈትሁላህ ጉለን ተከታዮች ይጠቀሙበት ነበር ይላል። ችሎቶች ይህን ተጠቅሟል የተባለን ሰው ያለ ብዙ ማስረጃ የአሸባሪ ድርጅት አባል እያሉ ፈረዱ። በመስከረም 2023 ስትራስቡርግ በአንድ መምህር ጉዳይ ይህ አካሄድ «ያለ ሕግ ቅጣት የለም» የሚለውን መርሕ ይጥሳል አለ። ያኔ ተመሳሳይ 8,500 ያህል አቤቱታ በወረፋ ላይ ነበር። ታንክ የነዳውን መክሰስና ስልኩ ላይ አፕ የጫነውን መክሰስ ለየቅል ናቸው።

ከባህር ዳር የደወሉ እናት፦ «ሴቶችን ከጥቃት የሚጠብቅ የኢስታንቡል ስምምነት የሚባል አለ አይደል? ቱርክ ወጣች ማለት እውነት ነው?»

መልስ፦ እውነት ነው፣ እማማ። በ2011 ለፊርማ የቀረበው እዚያው ኢስታንቡል ነው። ቀድማ ያጸደቀችውም ቱርክ ነች፣ በ2012። በመጋቢት 2021 ፕሬዚዳንቱ ሌሊት በወጣ ውሳኔ ሀገሪቱን አስወጡ። ፓርላማ ያጸደቀውን ስምምነት ፕሬዚዳንቱ በፊርማቸው ብቻ መሻር ይችላሉ ወይ? ጠበቆቹ እስከ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ። አልሆነላቸውም።

ከዱባይ የደወለ አድማጭ፦ «የኢስታንቡል ከንቲባ የታሰረው በሙስና ነው። ሌባ ሲከሰስ ሰብዓዊ መብት ማለት ምን ይሉታል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኤክሬም ኢማሞሉ ሰርቆ ከሆነ ይጠየቅ። ይህን የሚወስነው ማስረጃ ነው፤ እኔም አንተም አይደለንም። የቀኖቹን አቀማመጥ ግን እይ። በመጋቢት 18 ቀን 2025 ዩኒቨርሲቲው ዲፕሎማውን ሰረዘበት። በቱርክ ሕገ መንግሥት ዲግሪ የሌለው ሰው ለፕሬዚዳንትነት አይወዳደርም። በማግሥቱ ተያዘ። በመጋቢት 23 ቀን፣ ተቃዋሚ ፓርቲው ለፕሬዚዳንትነት እጩ አድርጎ ሊመርጠው ድምፅ በሚሰጥበት እሑድ፣ ፍርድ ቤት ወደ ወህኒ ላከው። በ2019ም በጠባብ ልዩነት ሲያሸንፍ ምርጫው ተሰርዞ ነበር። በድጋሚው ምርጫ በ800 ሺህ ድምፅ ገደማ አሸነፈ።

ፕሬዚዳንቱ ሬጀብ ጣይብ ኤርዶጋን ራሳቸውም የኢስታንቡል ከንቲባ ነበሩ። ሰልፍ ላይ ባነበቡት ግጥም ተከሰው በ1999 አራት ወር ታስረዋል። ከምርጫም ታግደው ነበር። ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል።

ከፍራንክፈርት የደወለ አድማጭ፦ «እኛ እዚህ ሆነን የምናየው ብራስልስ ቱርክን ትወቅሳለች፣ ወዲያው ደግሞ ትጨባበጣለች። ምንድነው ነገሩ?»

መልስ፦ ስደተኛ ነው ነገሩ። በመጋቢት 2016 ስምምነት ቱርክ ወደ ግሪክ ደሴቶች የሚሻገሩትን መልሳ እንድትቀበል፣ ኅብረቱ እስከ 6 ቢሊዮን ዩሮ እንዲሰጥ ተዋዋሉ። ያኔ ቱርክ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሶርያውያንን ይዛ ነበር። ለቱርካውያን ያለ ቪዛ ጉዞም ቃል ተገብቶላቸዋል፤ 72 መስፈርት ተቀምጦለት። ካልተሟሉት ዋናው የፀረ ሽብር ሕጉን ማጥበብ ነው። እስካሁን አልጠበበም። ለእጩዎች የሚሰጠው ገንዘብ ተቀንሶባታል፤ የአውሮፓ ፓርላማም በ2019 ድርድሩ በይፋ ይታገድ ብሎ ድምፅ ሰጥቷል። መንግሥታቱ ግን አላገዱም። ጦሯ በኔቶ ውስጥ ትልቅ ነው፣ ንግዱም ትልቅ ነው። አሁን ያለው ሁኔታ ለሁለቱም ይመቻቸዋል፤ የማይመቸው እስር ቤት ላለው ሰው ነው።

ከኢስታንቡል የደወለች እህት፦ «እኔ ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ ሰው ቤት እሠራለሁ፣ መኖሪያ ፈቃዴ አልቋል። የተናገሩት ፍርድ ቤት ለእንደኔ ዓይነት ሰው ይሠራል? ቢይዙኝስ?»

መልስ፦ ይሠራል፣ እህቴ። የአውሮፓው ስምምነት በሀገሪቱ ሥልጣን ሥር ላለ ሰው ሁሉ ነው። ዜግነት አይጠይቅም፣ ወረቀትም አይጠይቅም። ግን መጀመሪያ የቱርክን ፍርድ ቤቶች መጨረስ አለብሽ። በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የግል አቤቱታ ማቅረቢያው 30 ቀን ነው። ከዚያ ወደ ስትራስቡርግ አራት ወር።

ለአንቺ የሚያስቸኩለው ግን ከሀገር የማስወጣት ውሳኔው ነው። ውሳኔው ከደረሰሽ ጀምሮ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ማመልከቻ ያለሽ ጊዜ ሰባት ቀን ብቻ ነው። በፊት አሥራ አምስት ነበር፣ በ2019 አሳጠሩት። በጊዜው ካመለከትሽ ፍርዱ እስኪሰጥ ሊያስወጡሽ አይችሉም። በመመለሻ ማዕከል ከያዙሽ እስሩን ራሱን በመቃወም «የሰላም ወንጀል ዳኛ» ለሚባለው ዳኛ ማመልከት ትችያለሽ። ጠበቃ መክፈል ካልቻልሽ በየከተማው ያለው የጠበቆች ማኅበር ነጻ ጠበቃ ይመድባል፤ እዚያ «ባሮ» ይሉታል።

ጥገኝነት ጠይቂ የሚሉሽ ካሉም ይህን እወቂ። ቱርክ ሙሉ የስደተኛነት መብት የምትሰጠው ከአውሮፓ ለመጣ ሰው ብቻ ነው። ለእኛ ዓይነቱ ሦስተኛ ሀገር እስኪገኝ «በሁኔታ የተወሰነ» የሚባል ጥበቃ አለ። ማመልከቻውን ከ2018 ወዲህ የሚቀበለው የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤት ሳይሆን የቱርክ የስደት መሥሪያ ቤት ነው።

በተለይ የማስጠነቅቅሽ፣ በማዕከሉ ውስጥ «በፈቃዴ እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት ያቀርባሉ። ሶርያውያንና አፍጋኖች ሳይገባቸው እንደፈረሙ የመብት ድርጅቶች መዝግበዋል። በማትችዪው ቋንቋ የተጻፈ ነገር ላይ አትፈርሚ። አስተርጓሚ ጠይቂ። ከሀገር የማስወጣት ውሳኔው ሲደርስሽ ደግሞ የደረሰሽበትን ቀን የያዘውን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ ለምታምኚው ሰው ላኪ፤ ሰባቱ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።