መዳቡ ላይ ቀኙ ግራ ነው

ሄለን፦ ዛሬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን፣ ምስል በመዳብ ላይ እየቀረጸ የሚያትመው ሠዓሊ ዊልያም ሆጋርት ደጃፍ ላይ ነን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሩክ፦ እኔ መጀመሪያ እጁን ነው የማየው። ሙያውን የለመደው ብር ላይ ሲቀርጽ ነው። መዳብ ላይም ሹሉን ብረት በመዳፉ ይገፋዋል፤ መስመሩ ሲጎብጥ ግን ብረቱን ሳይሆን ሰሌዳውን ያዞራል። መዳቡ እንደ ክር እየተጠቀለለ ይወጣል።

ሄለን፦ ቀለሙስ?

ብሩክ፦ ሰሌዳው በቀለም ይለቀለቅና ገጹ ይጠረጋል፤ ቀለም በቦዮቹ ውስጥ ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በሁለት ከባድ ጥቅልሎች መካከል ሲያልፍ ወረቀቱ ቀለሙን ይመጠዋል። ጣትሽን ብታሳልፊበት መስመሩ ይታወቅሻል።

ሄለን፦ እንደ መስተዋትም ቀኙ ግራ ይሆናል።

ብሩክ፦ ስለዚህ ጠንቃቃ ቀራጭ አዙሮ ይሠራል። የሌላውን ምስል ቀድቶ ለመሸጥ የሚቸኩል ሌባ ግን የታተመውን እንዳየው ይቀርጸዋል፤ ሲያትመው ሰይፍ የያዘው ሰው ግራኝ ሆኖ ቁጭ!

ሄለን፦ (ሳቅ) ለሆጋርት ግን ቀልድ አልነበረም። ከገጠር ለንደን መጥታ በሴተኛ አዳሪነት የጠፋችን ልጅ ታሪክ በ1732 በስድስት ምስል አውጥቶ በአንድ ጊኒ፣ በወርቅ ሳንቲም፣ ሸጠ። ከሺህ በላይ ገዢ ቢያገኝም፣ የተሰረቀው ቅጂ በርካሽ ገበያውን አጥለቀለቀው።

ብሩክ፦ ከባልደረቦቹ ጋር ፓርላማ አቤት አለ። በ1735 የወጣው ሕግ ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለ14 ዓመት እንዳይቀዳ ከለከለ። ውርሱን ስላባከነው ወጣት የሠራውን አዲስ ሥራም ሕጉ እስኪጸና ድረስ ይዞ ቆየ።

ሄለን፦ ቢይዘውም አላመለጠም! ሌቦቹ ገዢ የሚመስሉ ሰዎች ወደ ቤቱ ላኩ። ሥዕሎቹን አይተው ወጡና ከትዝታ አስቀረጿቸው። መናደዴን ሳልጨርስ አደነቅኋቸው።

ብሩክ፦ እኔ አላደንቅም። ግን ጊኒ 21 ሺሊንግ ነው፤ የቀን ሠራተኛ በሳምንት ያን ያህል አያገኝም። ምስሉን የሚያየው በሱቅ መስኮት ነው።

ሄለን፦ በ1751 ስለ ጂን መጠጥ ያወጣው ግን አንድ ሺሊንግ ነበር። ሰካራሟ እናት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ትምባሆ ስትቆነጥር ልጇ ከእጇ ይወድቃል፤ እሷ ፈገግ እንዳለች ነው። በዚያው ዓመት ፓርላማ የጂን ንግድን የሚያጠብቅ ሕግ አወጣ።

ብሩክ፦ ሺሊንግም ለድሃው ቀላል አልነበረም። ስለ ጭካኔ የሠራቸውን አራት ምስሎች እንዲረክሱ ብሎ በእንጨት ማስቀረጽ ጀምሮ ነበር። ሁለቱ ተቀርጸው ወጪው ከጠበቀው በላይ ሆነበት።

ሄለን፦ ከዚያስ?

ብሩክ፦ ወደ መዳቡ ተመለሰ።