ሰባት ደቂቃ ይቀረዋል

እንደምን አመሻችሁ። እዚህ አራት ኪሎ በሰዓቱ ለመድረስ ከቤት ስንት ሰዓት ላይ እንደወጣችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ለሥልጠና ሄጄ ቪየና አራት ወር ተቀምጬ ነበር። ተመልሼ ስመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ሙዚቃው ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ፌርማታ ነው።

የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ትራም ልይዝ ቆሜያለሁ። ከላይ ትንሽ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የትራሙ ቁጥር፣ የሚሄድበት ቦታ፣ ከጎኑ ደግሞ 7 ይላል። ቆየት ብሎ 6 ሆነ። ከዚያ 5። ለካ የቀረውን ደቂቃ ነው የሚቆጥረው! አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ቁጥሩን አየት አደረገችና ማዶ ወዳለው ዳቦ ቤት ተሻገረች። ዳቦዋን በወረቀት ጠቅልላ ስትመለስ ሰሌዳው 1 ይላል። ትራሙ መጣ፣ ገባን፣ ሄድን።

ይህ ለምን እንዳስገረመኝ ማታ 12 ሰዓት ሜክሲኮ የተሰለፈ ሰው ይገባዋል። ሰልፉ ተጠማዝዞ ጫፉ አይታይም። ታክሲው በአምስት ደቂቃ ይምጣ በአንድ ሰዓት የሚያውቅ የለም፤ ተራ አስከባሪውም አያውቅም። ውሃ ልግዛ ብለህ ብትወጣ ተራህ ሄደ። ልጅህ ደውሎ «አባዬ፣ መቼ ትመጣለህ?» ሲልህ የምትመልስለት የለህም። መቆሙንስ እንችለዋለን፣ ለምደነዋል፤ ልብ የሚያደርቀው አለማወቁ ነው።

ሌላው ቲኬቱ ነው። ቪየና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ስትገባ የሚዘጋብህ በር የለም። ተቆጣጣሪ አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ያልከፈለ ይቀጣል፤ አብዛኛውን ቀን ግን የሚጠይቅህ የለም። የዓመቱን ቲኬት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ዋጋውን ቀንሰው 365 ዩሮ አደረጉት፤ ያኔ በቀን 1 ዩሮ ማለት ነበር። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው «እኛ ጋ ቢሆን ማን ይከፍላል?» አሉኝ። ይህ አነጋገር ያናድደኛል። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው 200 ብር ያወጣል። ብሩ በአራት ሰው እጅ አልፎ ረዳቱ ጋ ይደርሳል፣ መልሱም በዚያው እጅ በእጅ ተመልሶ ይመጣል፣ ሰባራ ሳንቲም ሳይጎድል። ማንም ማንንም አያውቅም። ታዲያ ይህ ሕዝብ ነው የማይታመነው?

አንድ ቀን እዚያው ቪየና አውቶብስ ውስጥ ሆኜ ፌርማታ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ አዛውንት አየሁ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። በሩ ሥር የታጠፈውን መወጣጫ ዘረጋ፣ ሰውየው ገቡ፣ መልሶ አጠፈው፣ ወደ መሪው ተመለሰ። ተሳፋሪው ዝም ብሎ ጠበቀ፤ ሰዓቱን ያየ እንኳ የለም። እኔ እናቴን አሰብኩ። ጉልበቷን ያማታል። አውቶብስ ላይ ስትወጣ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ ታሳርፍና ትቆማለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ከውስጥ አንዱ ወጣት እጇን ይዞ ይስባታል፣ ሌላው ከኋላ ይደግፋታል። «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብሎ የሚነሳላትም አታጣም። ቪየና ያን ያህል የሚያዋራህ ሰው የለም፣ ይህን መካድ አልፈልግም። ግን እናቴ በማታውቀው ልጅ ጉልበት ላይ ተማምና ከቤት መውጣት የለባትም።

«ቪየና ሀብታም ናት» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። በፈረስ የሚጎተት ትራም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1865 ነው፤ አዲስ አበባ ገና ሳትቆረቆር። እኛም ግን ከባዶ አንነሳም። መስከረም 2008 ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ታስታውሳላችሁ? ሁለቱ መስመሮች ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። እኔ ያኔ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ድረስ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ፣ ከተማዬን በመስኮት ለማየት ብቻ። በኋላ መለዋወጫ ጠፋና ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ ሰዉም አለ። ስታዲየም ጣቢያ ቆሞ ወደ ሐዲዱ አንገቱን እያሰገገ የሚጠብቅ ሰው ባየሁ ቁጥር ያ የመጀመሪያው ደስታችን ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ነገ ምድር ውስጥ ባቡር ይሠራልን አልልም። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መንገድ አምሯል፣ መብራቱ ደምቋል፤ ይህን ያየሁትን ነው የምናገረው። አሁን የምለምነው ቆርቆሮ ሰሌዳ ነው። ስክሪን ካልተቻለ በቀለም ይጻፍ። የአውቶብሱ ቁጥር፣ የሚሄድበት ሰፈር፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው የሚነሳበት ሰዓት። ለገሃር ማታ ቆሞ «የመጨረሻው ሄደ እንዴ?» ብሎ አጠገቡ ያለውን የሚጠይቅ ሰው፣ ያኛውም «እኔ እንጃ» የሚለው ሰው፣ ቀና ብሎ የሚያነበው ነገር ይኑረው። የተጻፈው ሰዓት ባይከበር እንኳ ቢያንስ «ዘግይታችኋል» ብለን የምንጠይቅበት ነገር ይኖረናል፤ አሁን እኮ ዘገየ ለማለት እንኳ መቼ መምጣት እንደነበረበት አናውቅም።

በሩ ላይ አንድ ደብተር አስቀምጫለሁ። ስትወጡ ከየት እንደተነሳችሁና ዛሬ ስንት ደቂቃ ቆማችሁ እንደጠበቃችሁ ጻፉልኝ። ስም አያስፈልግም። ሰኞ ጠዋት ለሚመለከተው ክፍል ይዤ የምሄደው እሱን ነው።