ቃሉ በሦስት ሳንቲም፦ የኧርል ስታንሊ ጋርድነር የእጅ ሥራ

አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ደራሲ የሥራ አሠራር ነው። ኧርል ስታንሊ ጋርድነር ይባላል። የእሱን ስም ባታውቁት እንኳ የፈጠረውን ጠበቃ ፔሪ ሜሰንን ሳትሰሙ አትቀሩም። ሰውየው ከ80 በላይ የፔሪ ሜሰን ልቦለዶች ጽፏል። ኤ. ኤ. ፌር በሚል የብዕር ስም ደግሞ ወደ 30 የሚጠጉ ሌሎች አሉት። ከሁሉም በፊት ለርካሽ መጽሔቶች የጻፋቸው ታሪኮች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ስለ እሱ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ፍጥነቱ ነው። እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን ያ ፍጥነት ከየት መጣ የሚለው ነው። ምክንያቱም ሲጀምር ጋርድነር ሴራ መጎንጎን ጨርሶ የማይችል ሰው ነበር። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ገበያው ትንሽ ልበል። ፐልፕ የሚባሉት መጽሔቶች ስማቸውን ያገኙት ከወረቀታቸው ነው። ከእንጨት ፍጭ የተሠራ፣ ሸካራ፣ ብዙም ሳይቆይ ቢጫ የሚሆንና የሚፈረፈር ወረቀት ነበር። ሽፋኑ ብቻ ደማቅ ቀለም ያለው አንጸባራቂ ነው። ዋጋቸው ባብዛኛው ከ10 እስከ 25 ሳንቲም። ለጸሐፊው የሚከፈለው በቃል ቁጥር ነው፤ ለጀማሪ አንድ ሳንቲም ወይም ከዚያም ያነሰ፣ ስም ላወጣ ሁለትና ሦስት። ከእነዚህ ሁሉ ለወንጀል ልቦለድ ዋናው በ1920 የተመሠረተው ብላክ ማስክ ነበር።

ጋርድነር የተወለደው በ1889 ማሳቹሴትስ ውስጥ ማልደን በምትባል ከተማ ነው። ያደገው ግን ካሊፎርኒያ ነው። የሕግ ትምህርቱን በወጉ አልጨረሰም። ጠበቆች ቢሮ እየሠራ፣ በራሱ እያነበበ፣ በ1911 የጥብቅና ፈተናውን አለፈ። ቀን ቀን ፍርድ ቤት እየዋለ ማታ ማታ መጻፍ ሲጀምር 30 ዓመት አልፎታል።

አሁን በቅርበት እንድታዩልኝ የምፈልገው ነገር ላይ ደረስን። በ1923 «የሚጮኸው አጽም» ብሎ አንድ ታሪክ ጽፎ ቻርልስ ኤም. ግሪን በሚል ስም ለብላክ ማስክ ላከ። ታሪኩ መጥፎ ነበር። አዘጋጁ ለቀልድ ብሎ የስርጭት ኃላፊው ለፊል ኮዲ አሳለፈለት። ኮዲ ደግሞ አንብቦ በቁጣ ማስታወሻ ጻፈ፦ ሰዎቹ ሲነጋገሩ መዝገበ ቃላት የሚያነቡ ይመስላሉ፣ ሴራው ያረጀ ያፈጀ ነው፣ እያለ ነጥብ በነጥብ አወረደበት። ይህ ማስታወሻ ለጸሐፊው እንዲደርስ ታስቦ አልነበረም። ታሪኩ ውድቅ ሆኖ ሲመለስ በስሕተት ከወረቀቶቹ መሐል ገብቶ ሄደ።

ጋርድነር ያንን ማስታወሻ ከጽሕፈት መኪናው አጠገብ አደረገና ነቀፋዎቹን አንድ በአንድ እያየ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደገና ጻፈው። ሦስት ሌሊት ፈጀበት። በሁለት ጣት ብቻ ነበር የሚመታው፤ የጣቶቹ ቆዳ ሲላቀቅ በፕላስተር እየጠቀለለ ቀጠለ። መልሶ ላከው፣ በ160 ዶላር ገዙት። የብዙ ጀማሪ ችግር ውድቅ መደረጉ አይደለም። ለምን ውድቅ እንደተደረገ የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው። ይህ ሰው ምክንያቱን በድንገት አገኘና እንደ ሥራ ትእዛዝ ተቀበለው።

ከዚያ በኋላ ኮታ አወጣ፤ በዓመት 1,200,000 ቃላት። ስታካፍሉት በሌሊት 4,000 ቃላት፣ በዓመት 300 ሌሊት ማለት ነው። ያውም ከጥብቅናው ጎን። ቃሉ በአንድ ሳንቲም ቢሸጥ የአንድ ሌሊት ሥራ 40 ዶላር፣ በሦስት ሳንቲም ከሆነ 120 ዶላር ነው፤ ያውም ከተሸጠ። ክፍያው በቃል ሲሆን ደግሞ ጽሑፉ ላይ ምልክቱን ይጥላል። ጀግኖችህ ለምንድን ነው ሁልጊዜ በመጨረሻዋ ጥይት ብቻ የሚመቱት ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሽጉጡ ውስጥ ገና 15 ሳንቲም የሚያወጣ ጥይት እያለ ታሪኩን ልጨርሰው እንዴ? የሚል መልስ ሰጠ ይባላል። አንድ የተኩስ ድምፅ አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ሦስት ሳንቲም ነው።

ግን 4,000 ቃል መምታት ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ በየሳምንቱ አዲስ ሴራ ማምጣት ነው። ጋርድነር እዚህ ላይ እንደሚቸገር ስለሚያውቅ ራሱን አስተማረ። የሴራ መመሪያ መጻሕፍት አጠና፣ ደብተር ሞላ፣ በመጨረሻም የሴራ መንኮራኩሮች ሠራ። ክብ ካርቶን ነው፤ ዙሪያው ተከፋፍሎ በየክፍሉ አንድ አንድ ሐሳብ ተጽፎበታል፣ ይሽከረከራል። አንደኛው መንኮራኩር ለጀግናው እንቅፋት የሚሆኑ ትናንሽ ገጸ ባሕርያትን ይዟል። ሌላው ነገሩን የሚያወሳስቡ ሁኔታዎችን፣ ሌላው ጀግናውን የሚያሳስቱ የሐሰት ዱካዎችን፣ ሌላው መፍቻውን። አሽከርክሮ የወጣለትን አንድ ላይ ያስቀምጥና እነዚህ እንዴት ይገናኛሉ ብሎ ማሰብ ይጀምራል።

ይህ መሣሪያ ድክመት አለው። መንኮራኩር አጋጣሚ ይሰጣችኋል፣ ምክንያት አይሰጣችሁም። የወጡላችሁን አራት ነገሮች ዝም ብላችሁ ብትሰፏቸው ገዳዩ ደራሲው ስላዘዘው ብቻ የሚገድል ሰው ይሆናል፤ አንባቢም ይህ ወዲያው ይሸተዋል። ጋርድነር ለዚህ ያገኘው መድኃኒት የገዳዩ መሰላል የሚለው ነው። ታሪኩን ከመርማሪው በኩል ሳይሆን ከገዳዩ በኩል ደረጃ በደረጃ ይወጣዋል። መነሻው ምን ነበር? ፈተናው መቼ መጣ? እንዴት አቀደ? ወደ ኋላ መመለስ የማይቻልባት የመጀመሪያዋ እርምጃ የትኛዋ ናት? ከግድያው በኋላ ምን ለመሸፈን ሞከረ፣ ሲሸፍንስ ምን አዲስ ዱካ ጣለ?

እኔ ከጋርድነር ሥራ ሁሉ ትልቁን ነገር አሳየን ብትሉኝ ይህችን መሰላል ነው የማሳያችሁ። አንድ ጀማሪ የወንጀል ልቦለድ ሲጽፍ ግድያውን አስቀድሞ ይጽፍና ማን እንደገደለ መጨረሻ ላይ ያስባል። ሲደርስበት ፍንጮቹ አይገጥሙም፤ ተመልሶ መሐሉን ማፍረስ አለበት። በመሰላሉ የሄደ ሰው ግን ፍንጭ መፍጠር አያስፈልገውም። ገዳዩ ሊሸፍን ሲሯሯጥ ራሱ ይጥልለታል። ይህ ሁሉ አልቆ ነው ጋርድነር ማስጻፍ የሚጀምረው። ኋላ ላይ በጣቱ መምታቱን ትቶ በአፉ ይናገር፣ ጸሐፊዎቹ ይተይቡ ነበር፤ ዋናዎቹ ጂን፣ ፔጊና ሩት የተባሉ ሦስት እህትማማቾች ነበሩ። ሰዎች ያዩት ፍጥነት ይህ ነው፤ ያለቀ ሴራ በአፍ ሲነገር።

በ1932 ገደማ ነው ከአጫጭር ታሪኮች ወደ ረጅም ልቦለድ የተሻገረው። የመጀመሪያውን ረቂቅ በርካታ አሳታሚዎች መለሱበት። በመጨረሻ የዊሊያም ሞሮው አሳታሚ ኃላፊ ቴየር ሆብሰን ተቀበለውና ጠበቃውን የተከታታይ መጻሕፍት ባለቤት አድርገው አለው። ፔሪ ሜሰን በ1933 ወጣ። ስሙን የወሰደው በልጅነቱ ያነበው ከነበረ የልጆች መጽሔት አሳታሚ ድርጅት ነው።

የሜሰን ታሪክ አጥንቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ደንበኛ እንግዳ የሆነ ትንሽ ችግር ይዞ ይመጣል። ደንበኛው ይዋሻል። አስከሬን ይገኛል፣ ደንበኛው ይታሰራል፣ ጠበቃው ራሱ ከሕጉ ጠርዝ ላይ ይቆማል፣ ፍርድ ቤት ውስጥ በመስቀለኛ ጥያቄ ነገሩ ይፈረካከሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ብልሃት አለ። አብዛኛው የሜሰን ችሎት ዋናው ክርክር አይደለም፣ ቀዳሚ ምርመራ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የእኛን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ቃሉ አይገርመውም። አሜሪካ ውስጥ በቀዳሚ ምርመራ አሥራ ሁለት ሰዎች ያሉበት የጁሪ ሸንጎ የለም፤ ዳኛው ብቻውን ይሰማል፤ ጥያቄው ተከሳሹን ለዋናው ችሎት የሚያቀርብ በቂ ማስረጃ አለ ወይ የሚለው ብቻ ነው። ለደራሲ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ጁሪ መምረጥ የለ፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ንግግር የለ፤ ምስክር ይቀርባል፣ ይጠየቃል፣ ይሰበራል። ሃምሳ ገጽ ይፈጅ የነበረው በሃያ ያልቃል።

የሕጉን ነገር በግምት አይጽፍም። አዳዲስ የፍርድ ውሳኔዎችን ይከታተል ነበር። በ1939 በኤ. ኤ. ፌር ስም ባወጣው የመጀመሪያ መጽሐፍ ሴራውን ያቆመው በአንድ የሕግ ቀዳዳ ላይ ነው፦ አንድ ሰው ከካሊፎርኒያ ወደ አሪዞና በግዳጅ ተላልፎ ከተሰጠ፣ አሪዞና ሆኖ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰው ገድያለሁ ቢልስ? ከካሊፎርኒያ ሸሽቶ አልሄደም፣ በኃይል ነው የተወሰደው፤ ስለዚህ እንደ ሸሸ ሰው መልሳችሁ ስጡን ማለት አይቻልም። መጽሐፉ ሲወጣ የሕግ ሰዎችን አነጋገረ።

ሌላው ምንጩ የራሱ ጥብቅና ነው። ወጣት ጠበቃ ሳለ ኦክስናርድ ውስጥ ለቻይናውያን ነዋሪዎች ይቆም ነበር። ፖሊስ ሎተሪ ሸጣችሁ ብሎ ሊከሳቸው ሲል ሰዎቹ ሱቅ እንዲቀያየሩ አደረገ፤ የልብስ አጣቢው ሥጋ ቤት፣ ባለ ሥጋ ቤቱ ሌላ ቦታ። ፖሊሱ ሰውን በመልኩ ሳይሆን በሱቁ ስለሚለይ የያዘው ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። የፔሪ ሜሰን ልቦለዶች ውስጥ ምስክር ሰውን በስሕተት ሲለይ ስታነቡ ይህን አስቡ።

ድክመቱንም ልናገር፤ ስለምወደው ነው የምናገረው። አካባቢ አይስልም። አንድ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛና ስልክ ካለ ይበቃዋል። የሜሰን ጸሐፊ ዴላ ስትሪት መጻሕፍቱ በወጡባቸው ከሰላሳ በላይ ዓመታት አታረጅም። ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ሜሰን ቢሮው ቁጭ ብሎ የሆነውን ሁሉ ያብራራል። ሴራው በጣም ሲወሳሰብ ማብራሪያው ይረዝማል፣ አንባቢም ስሞቹ ይደባለቁበታል። በአፍ የሚጽፍ ሰው ዕጣ ይህ ነው፤ ንግግሩ ይሮጣል፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ያንሳል።

ፐልፕ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሞተ። በ1939 የኪስ መጻሕፍት በ25 ሳንቲም ገበያ ወጥተው ነበር፤ ከዚያ ቴሌቪዥን ተጨመረ። ስትሪት ኤንድ ስሚዝ የተባለው የፐልፕ አሳታሚ በ1949 ፐልፖቹን ሁሉንም ለማለት ይቻላል ዘጋ፤ ብላክ ማስክ በ1951 ቆመ። በቃል ይከፈላቸው የነበሩ ብዙዎች እንጀራቸው ተቋረጠ። ጋርድነር ግን አንዱን ልቦለድ ሦስት ጊዜ መሸጥ ከለመደ ቆይቷል። መጀመሪያ በሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት መጽሔት በተከታታይ፣ ከዚያ በጠንካራ ሽፋን፣ ከዚያ በኪስ መጽሐፍ። በ1930ዎቹ ዋርነር ብራዘርስ የሠራቸው ስድስት ፊልሞች ሜሰንን አበላሽተውበት ስለነበር፣ ቴሌቪዥን ሲመጣ መብቱን በራሱ የምርት ድርጅት በኩል ያዘ። ከ1957 እስከ 1966 በተላለፉት 271 ክፍሎች ጽሑፎቹ በእሱ እጅ ያልፉ ነበር። ተዋናዩ ሬይመንድ በር ለዐቃቤ ሕጉ ሚና ሊፈተን ቢመጣም ሜሰን ሆኖ ቀረ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ1940ዎቹ ዊሊያም ሊንድሊ የሚባል የሞት ፍርደኛ ነበር። ጠበቃው የችሎቱን መዝገብ ለጋርድነር ላከለት። ጋርድነር ከምስክሮቹ ቃል እያንዳንዱ ሰው በየደቂቃው የት እንደነበረ የሚያሳይ የጊዜ ሰንጠረዥ አወጣ። ሰንጠረዡ ሲሞላ ምስክሯ ያየችው ሰው ሊንድሊ ሊሆን እንደማይችል ታየ። የሞት ቅጣቱ ታግዶ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ለልቦለድ የሠራው መሣሪያ ነው የሰውን ነፍስ ያተረፈው። ከዚያ በኋላ በ1948 ከአርጎሲ መጽሔት ጋር ሆኖ ያለ ጥፋታቸው ታስረዋል የሚባሉ ሰዎችን መዝገብ የሚመረምር የባለሙያዎች ቡድን አቋቋመ፤ ብዙ ጊዜውንም ለእሱ ሰጠ።

ጋርድነር መጋቢት 11 ቀን 1970 ቴመኩላ በሚገኘው እርሻው ሞተ። በእጁ ያለቁ ሁለት የፔሪ ሜሰን ረቂቆች ነበሩ፤ አንዱ በ1972፣ ሌላው በ1973 ታተሙ።