ምች ያልነው ትኩሳት

እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ ጭቃውን ረግጣችሁ፣ ታክሲ ተጋፍታችሁ የመጣችሁ በተለይ ተባረኩ። የዓመቱን ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡታል። እኔ የማወራው ስለ አንድ ትኩሳት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከጀመረ ሳምንት አልሞላውም ነበር። አንድ ማታ ሰውነቱ እንደ እሳት ጋለ። አክስቴ “ምች ነው” አለች። ዳማከሴ አሽተን ቀባነው፣ ጨምቀን አጠጣነው። በነጋታው ክሊኒክ ወሰድነው፤ ታይፎይድ ተባልንና ኪኒን ይዘን ተመለስን። ምን መድኃኒት እንደሚወስድ የጠየቀን የለም። እኛም አልተናገርንም። አፍረን ነው፤ ምን ልደብቃችሁ።

ማታ ሸሚዙን ልቀይርለት ስል ክንዱ አልታጠፍ አለኝ። እንጨት ሆኗል። ላቡ ፍራሹን አርሶታል። ውሃ በማንኪያ ብሰጠው በከንፈሩ ዳር ፈሰሰ። ቀና ብሎ አየኝና በሟች እናታችን ስም ጠራኝ። ያኔ ነው ተሸክመነው የወጣነው። ድንገተኛ ክፍል ያገኘነው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው “ምን ይወስዳል?” ብሎ ነው።

ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድሮም ይሉታል፤ መድኃኒቱ ራሱ የሚያመጣው ሕመም ነው። ስሙ ቢጠፋባችሁ ግድ የለም። ትኩሳት፣ የሰውነት መገተር፣ መቃዠት፣ ላብ፤ እነዚህን አትርሱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በ2 ሳምንት ውስጥ ነው። ጡንቻ እየተጎዳ ኩላሊትን ይዞ ይሄዳል፤ ይገድላል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ለዚህም ነው የማንጠረጥረው። ምልክቱን ካያችሁ የሚቀጥለውን ኪኒን ሳትሰጡ፣ የመድኃኒቱን ፓኬት ይዛችሁ፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ግቡ። መድኃኒቱን በወር መርፌ የሚወስድ ከሆነ የተወጋበትን ቀን ንገሯቸው፤ እሱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም።

ክሎዛፒን የሚባለውን ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካላችሁ ደግሞ፣ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተዉት። ነጭ የደም ሴሉ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ደሙ ይታይ። እነዚህ መድኃኒቶች አንገት ሲያጣምሙ፣ ዓይን ወደ ላይ ሲሰቅሉም “መንፈስ ነው” እንላለን። እሱ እንኳን የሚያስደነግጠውን ያህል አይከፋም፤ ጤና ተቋም ከደረሰ በመርፌ ቶሎ ይለቃል።

መድኃኒት አስጥሉ ማለቴ እንዳይመስላችሁ! ወንድሜ ካገገመ በኋላ ሐኪሙ ሌላ ዓይነት በትንሹ ጀመረለት፤ ዛሬም ይወስዳል። በር ላይ ስማችሁን የመዘገበው እሱ ነው። ትንሽ ካርድ ያድላችኋል። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የተጀመረበትን ቀን ጻፉበትና ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙት። እስክሪብቶ ያልያዘ ካለ ከእኔ ይውሰድ። ገንዘብ ያዣችን፣ ይቅረቡ።