«ፓራ» ማለት «በላይ» አይደለም

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ?

ለተርጓሚዎች ስብሰባ ስለ አንድ ቃል ብቻ ላውራ ስል አዘጋጆቹ ትንሽ ግራ ተጋብተው ነበር። ቃሏ «ፓራኖርማል» ናት። ጣረ ሞት ታየኝ፣ ማንም የሌለበት ክፍል ውስጥ ድምፅ ሰማሁ ሲባል እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚጠሯት ቃል።

ከእሷ ጋር የተጣላነው ከዓመታት በፊት ነው። ስለ አንድ አሮጌ ቤት የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ስተረጉም መጣችብኝ። ሳላስብበት «ከተፈጥሮ በላይ» ብዬ አለፍኩ። ፊልሙ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ለካ የሌሊቱ ድብደባ የቧንቧ ኖሯል! ውሃው በድንገት ሲዘጋ ቧንቧው እየተንቀጠቀጠ ግድግዳውን ይመታል። እኔ ግን ተራኪውን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መንፈስ አማኝ አድርጌዋለሁ። ሰውየው ያለው «አልገባኝም» ነው። እኔ «ገብቶኛል፣ የዚህ ዓለም አይደለም» አስባልኩት።

«ከተፈጥሮ በላይ» የሚለው የሌላ ቃል ትርጉም ነው፤ የ«ሱፐርናቹራል»። «ሱፐር» በላቲን «በላይ» ነው። «ፓራ» ግን ግሪክ ነው፤ «ከጎን» ማለት። ፓራሊምፒክን አስቡ። ከኦሊምፒክ በላይ አይደለም፣ ከጎኑ ነው። ፓራኖርማልም እንደዚያው ከተለመደው ጎን የቆመ ነገር ነው። ሰማይ ቤት አልወጣም፤ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ቆሟል።

ቃሏ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባችው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። በዚያ ዘመን የተማሩ ሰዎች ደብተርና እርሳስ ይዘው ጣረ ሞት አለ የተባለበት ቤት ያድሩ ነበር። ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ1882 ለዚሁ ሥራ ማኅበር ተቋቁሟል። «ቴሌፓቲ» (ሐሳብ ያለ ንግግር ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል የሚባለው) የሚለውን ቃል ያወጣውም ከመሥራቾቹ አንዱ፣ ፍሬደሪክ ማየርስ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው «መንፈስ ነው» ሳይሉ «ይህን መዝግቡልኝ» የሚሉበት ቃል ነበር።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ እኔ በጣም የምወደው። ቪክ ታንዲ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ክፍሉ ሰው ያስጨንቃል ይባላል። አንድ ማታ ብቻውን ሲሠራ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው፣ ፀጉሩ ቆመ። በዓይኑ ጠርዝ በግራ በኩል ግራጫ ነገር አየ። ዞር ሲል የለም። በነጋታው ቀጭን የመወዳደሪያ ሰይፉን ሊጠግን አምጥቶ ሞርሳ ላይ አሰረው። ሰይፉ ማንም ሳይነካው ይርገበገብ ጀመር። እዚህ ላይ እኔ ብሆን በር አልፈልግም ነበር፣ በመስኮት ነበር የምወጣው። እሱ ግን መለካት ጀመረ። በሰከንድ 19 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ክፍሉን ሞልቶታል። ምንጩ አዲስ የተገጠመ ቬንቲሌተር! ቬንቲሌተሩ ሲስተካከል ድምፁም ጠፋ። ታንዲ ይህን ጽፎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በኋላ ከተደረጉት ሙከራዎች ግን ያልደገፉትም አሉ። ስለዚህ ግራጫው ነገር ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ፓራኖርማል የምትለው ቃል የምትመቸው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ሌላም አለ። እንግሊዝኛው «ናይትሜር» ውስጥ ያለው «ሜር» ፈረስ አይደለም፤ ድሮ የተኛ ሰው ደረት ላይ ይቀመጣል የሚባል መንፈስ ነው። እኛ ዱካክ የምንለው ማለት ነው። ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል፤ አእምሮ ሲነቃ ጡንቻው ገና የሕልም እንቅልፍ ላይ ነው። ያዘኝ የሚለው ሰው ግን አልዋሸም። ያየውን ነው የተናገረው፤ ስም ብቻ ነው ያወጣለት።

ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይም አንድ ሰሞን የገበሬ ወሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1803 ፈረንሳይ ውስጥ ሌግል በምትባል ከተማ አካባቢ ከ2,000 በላይ ድንጋይ ዘነበ። ወጣቱ ሳይንቲስት ዣን-ባቲስት ቢዮ ሄዶ የአካባቢውን ሰው አንድ በአንድ ጠየቀ፣ ድንጋዮቹን ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ወሬው ሳይንስ ሆነ።

እንዲህ ስል ሁሉም ይፈታል እያልኩ አይደለም። ማስረጃ የሌለው ጥንቆላ ሁሉ ፓራኖርማል ይባልልኝም አልልም። የመድረክ ምትሃት አሳዪው ጄምስ ራንዲ «ፓራኖርማል ችሎታ አለኝ» ብሎ በፈተና ላሳየ ሰው ሽልማት አቅርቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በ1,000 ዶላር ጀምሮ 1 ሚሊዮን ደረሰ። ማንም አልወሰደውም።

እርግጥ እንግሊዞቹም ዛሬ ሁለቱን ቃላት ያምታታሉ። ስለዚህ እኔ አሁን ተናጋሪውን ነው የማየው። መንፈስ ነው ብሎ ካመነ «ከተፈጥሮ በላይ» እላለሁ። ገና እየፈለገ ከሆነ «ምክንያቱ ያልታወቀ» እላለሁ። ይረዝማል፣ አውቃለሁ፤ ስክሪን ላይ ቦታ ይበላል። አጭር ያገኘ ካለ ማይኩ ይዙርለት።